ምች የመታት ማሽን

ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2 ሰዓት

አሁንም ዝም። ሶኬቷን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ እፍ አልኩባት። ምንም። ደብተር፣ አንቺም አትሳቂ።

ትናንት አልነገርኩሽም፣ አፍሬ ነው። ማሽኗ ያቺው ናት፤ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር፣ ጓደኛዬ ሞላ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት የፕላስቲክ ሣጥን አልብሶ ቁልፍና ድምፅ ማጉያ የገጠመላት። የኔታ አምና ታመው ድምፃቸው ሳይዘጋ ዜማውን በሙሉ ቀድቶባታል። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ቤቱ የሚሄደው በሷ ነው፤ ጥበቃዋን ሞላ ለኔ ትቷል። ቁልፍ ይጫናል፣ የማሽኗ የኔታ ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እውነተኛው የኔታ መደብ ላይ ሆነው በመቋሚያ መሬቱን ይመታሉ። አንዴ ከመቱ ልክ ነው። ሁለቴ ከመቱ ድገም።

ትናንት ጋለች። ሁሌም ትግላለች። የኔ ምላስ ግን መች ያርፋል? ለዲያቆን ፀጋዬ "ምች መትቷት ነው" አልኩት። ፀጋዬ ከቡግና የመጣ ተማሪ ነው፤ ትከሻው በር ያህላል፣ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ስቄ ወጣሁ። ስመለስ ዳማከሴ አሽቶ ጭማቂውን በክዳኗ ቀዳዳ ጠብ ጠብ አድርጎላታል።

"አይዞህ፣ አሁን ያልባትና ይለቃታል" አለኝ።

ሽታዋ ደስ ይላል። ሞታለች።

ጥቅምት 9

ሞላ ጋ ደወልኩ። ከሄደ ወዲህ ስልክ የሚያነሳው በሦስተኛው ነው። ዳማከሴውን አላነሳሁም፤ መብራት ነው ያቃጠላት አልኩት። (ውሸት ቁ. 1።) ካርዷ ደህና ከሆነች አዲስ ቦርድ ይበቃል አለ። ካርዷ ጥፍር ታህላለች፤ ማሽኗን የሚያስነሳው ሲስተምም፣ የየኔታ ድምፅም እሷ ላይ ነው። ያንኑ ዓይነት ቦርድ ፈልጎ በመኪና ይልካል።

ቅጂውስ አለህ? አለኝ። ሲሄድ ባዶ ካርድ ሰጥቶኝ ነበር፣ ገልብጥበት ብሎ። ፊልም ሞላሁበት። አለ አልኩት። (ቁ. 2።)

እና ደብተር፣ የየኔታ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው አንዲት ጥፍር ላይ ብቻ ነው። ኪሴ ውስጥ። በየደቂቃው እዳስሳታለሁ።

ጥቅምት 12

ሁለት ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ሄዱ። ገነተ ማርያም በኩል ድምፅ ያለው መምህር ይፈልጋሉ። አልፈርድባቸውም። የኔታ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሩን ያያሉ። የሚመቱለት ዜማ የለም።

የደብሩን አለቃ አስመስዬ "እንዴት ዋሉ የኔታ፣ አሥራቱ እንዴት ነው?" አልኳቸው፣ በአፍንጫዬ። ድሮ በዚህ ቀልድ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። ዛሬ ፊታቸውን አላዞሩም።

ከሞላ ጋር እንቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀልድ ለብቻ ይወራ እንደሆን ሞከርኩ። አይወራም።

ጥቅምት 17፣ ጋሸና፣ ቀን 6 ሰዓት

ቦርዷን ከመኪናው ረዳት ተቀበልኩ። ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇን ነገ ሠርጌ ነው አልኳት። እንኳን ደስ ያለህ ብላ ሽሮዬን አስቀምጣ ሄደች። ሙሽራዋ ማን ናት እንኳ አላለችም።

11 ሰዓት፣ ላሊበላ

ካርዷን ሰካሁ። የቀሩት ሁሉ ከበውኛል። የኔታም ተደግፈው መጡ። ቀዩ መብራት በራ። አረንጓዴው ብልጭ፣ ብልጭ አለና ቆመ። ደገምኩ። ያው። ደገምኩ። ያው።

ፀጋዬ በሹክሹክታ፦ "ይቺንም መታት እንዴ?"

አልሳቅኩም። የኔታ ተነስተው ወጡ።

ጥቅምት 18

ሞላ ቦርዷ ላይ ከስሟ ሥር ያለውን ደቃቅ ቁጥር አንብብ አለኝ። የሟቿ 1.2። የአዲሷ 1.5። ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። እሱም ተናደደ። ፋብሪካው ስሟን ሳይለውጥ ከውስጥ አንዲት ቺፕ ለውጧል፤ የካርዷ ሲስተም ደግሞ አሮጌ ነው፣ አዲሷን ቺፕ አያውቃትም፣ ገና ሳይነሳ ይቆማል።

ገባኝ። ቤተልሔም ዜማ የተማረ ሰው አጫብር የሚባለውን ሌላ ስልት ከሚሉበት ደብር ገብቶ ቢቆም ማለት ነው። ድጓው አንድ ነው፣ ዜማው ግን አይገጥምም፤ አፉን ይዞ ይቆማል።

መፍትሔው፦ ማስነሻ ፋይሎቹን ብቻ በአዲስ መተካት። ፋይሎቹን በስልክ ልኮልኛል። ሌላውን እንዳትነካ አለ፣ ሦስቴ። ደግሞ "ቅጂ ስላለህ አትፍራ" አለ።

ፈራሁ።

ዛሬም አንድ ተማሪ ሄደ። የቀሩት ሦስት።

ጥቅምት 21

ኔትወርኩ ፋይሎቹን ለማውረድ ሁለት ቀን ፈጀ። ዛሬ ሰናይት የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ካርዷን ላፕቶፗ ላይ ሰካን። ገና ከመግባቷ ጥያቄ ወጣ፦ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ይደረግ? እሺ ከተባለ ካርዷ ባዶ ናት። ሰናይት ለወጣ ጥያቄ ሁሉ እሺ ትጫናለች፤ ለኔ ጥያቄ ብቻ እምቢ። ጣቷ ሲወርድ እጇን አፈፍ አደረግኩ።

"ልቀቀኝ አንተ ባለጌ፣ ደንበኛ ያያል!"

"ሰኒ፣ የኔታን ልትገድያቸው ነበር እኮ።"

"ደሞ ጀመረህ።"

አላመነችኝም። ማን ያምነኛል? ሃያ ዓመት ሙሉ ስቀልድ ኖሬ። ግን ወንበር ሰጠችኝ።

ሞላ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቅጂው የለም፣ ፊልም ነው። መብራትም አይደለም፣ ዳማከሴ ነው። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ሳቀ። ደብተር፣ እንደዚያ ሲስቅ ከሄደ ወዲህ አልሰማሁትም። ናፍቆኛል፣ አልነገርኩትም።

መጀመሪያ ካርዷን እንዳለች ወደ ላፕቶፗ አስገለበጠኝ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቀጥሎ ፋይሎቹን ተካን። ሰናይት ሻይ አስመጣችልኝ። (ይህን አስምሪበት።)

ጥቅምት 22፣ ቀን 9 ሰዓት

ተነሳች!!

ፀጋዬን ጠራሁት። የምቹ ነገር ቀልዴ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። አሰበ፣ አሰበ። "ታዲያ ዳነች አይደል?" አለኝ።

የኔታ መጡ። የቀሩት ሦስቱ ተቀመጡ። አንደኛው ትምህርት፣ ሁለተኛው። መቋሚያው አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዴ። ሰባተኛው ላይ ደረስን። ሰባተኛው ሲቀዳ እኔ ከደጅ ሆኜ እንደ አውራ ዶሮ ጮኼ ነበር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍልንም የየኔታን ትምህርትም ከመሃል ጥዬ የምዞርበት ጊዜ ነው። ሞላ ሊቆርጠው ሲል የኔታ ተወው፣ ይቀመጥ አሉት። ረስቼው ነበር፤ ሲማሩ ሁሌ ደጅ ነኝ።

ዶሮው ጮኸ። ዜማው ተቋረጠ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ሙሉው፣ ቤቱን የሚሞላው፦

"ሲሳይ! አንተ መቅሰፍት! ግባና ቁጭ ብለህ ተማር!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የኔታ አልሳቁም። ወደኔ ዞሩ። መቋሚያቸውን አነሱና መቱ። አንዴ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመቱም።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከአንደኛው ትምህርት እጀምራለሁ። ፀጋዬ አጠገቡ ቦታ ጠርጎልኛል። እንደ ዶሮ ይጮሁብኛል፣ አውቃለሁ። ይጩሁ። ድገም ካሉኝ እደግማለሁ።