ስለ እናቴ ኩባያና ስለ እርስዎ ድፍን በር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ

ግልባጭ፦ በደረጃው ግርጌ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ለሚቆም ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ደም ግፊትዎስ፣ ስለ ሕንፃው ገጽታ ሲጨነቁ የሚያጡት እንቅልፍስ? እኛ እርስዎ ባወረዱልን ወጥ መልክ ደኅና ነን። እኔ በሦስተኛው ፎቅ አሥራ አራት ቁጥር የምኖር የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስሆን፣ ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። የአርባ ስምንቱ ቤቶች ኩሽና ሊታደስ ሲል ማኅበሩ በየቤታችን ቅጽ በትኖ፣ የላይኛው ካቢኔት በር መስታወት ይሁን ወይስ ድፍን ብሎ በትሕትና ጠይቆናል። ካታሎጉ ከነፎቶው ተያይዞ ነበር፤ ጥርት ያለ መስታወት፣ ጭጋጋማ መስታወት፣ ግማሹ መስታወት ግማሹ እንጨት፣ ድፍን ነጭ፣ ድፍን ቡናማ። እኔም አንድ እሑድ ሙሉ ከካታሎጉ ጋር ተፋጥጬ ውዬ ጥርት ያለው መስታወት ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ምክንያቴንም ለአስተያየት በተተወችው ጠባብ መስመር ላይ አጣብቤ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሰርኩላሩ ወጣ፤ ለሁሉም ድፍን ነጭ። መጀመሪያውኑ ሳይጠይቁን ቢወስኑ ኖሮ ቢያንስ እሑዴ ይተርፍልኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክንያቱ። በቃለ ጉባኤው እንደ ሰፈረው፣ የኩሽናዎቻችን መስኮት ሁላችንም ወደምንጋራው ኮሪደር ስለሚከፈት መስታወት የቤታችንን ዝርክርክነት ለአላፊ አግዳሚው ያጋልጣል፤ በዚያ ላይ መስታወት የሚያምረው የሚታይ ዕቃ ላለው ሰው ነው። ይህችን ሁለተኛዋን የተናገሩት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ጸሐፊው በጥንቃቄ መዝግቦታል። እውነትዎን ነው። የእኛ ኩባያዎች አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ አንደኛው ጆሮው ተሰብሯል፣ የእናቴ ሰማያዊ ኩባያ ደግሞ ጠርዙ ተሸርፏል። ዓይንዎን ላስቀየምንበት ሁሉ ይቅርታዎን እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ እያንዳንዱ ብሎን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ መዝገብ ሳትገልጥ ትናገር ነበር። ዛሬ የመርሳት ሕመም ይዟት፣ በዓይኗ ያላየችው ነገር ለእሷ የለም ማለት ነው። ኩላሊቷ ስለደከመ ቀኑን ሙሉ ቶሎ ቶሎ ውሃ እንድትጠጣ ሐኪሙ አጥብቆ አዝዟል፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ትኬት ስቆርጥ ነው የምውለው። የድሮው ካቢኔታችን ባለ መስታወት ነበር። ሰማያዊውን ኩባያ ታየዋለች፣ ትከፍታለች፣ ከቧንቧው ቀድታ ትጠጣለች፣ አጥባ ቦታው ትመልሳለች። እንዲህ እያደረገች ሁለት ዓመት ማንንም ሳታስቸግር ኖራለች።

የእርስዎ ድፍን በር ከተገጠመ ወዲህ ግን ኩሽና ትገባና ነጩን በር አይታ ትወጣለች። ኩባያዎቹ ተሰርቀዋል ብላ ምስኪኗን ጎረቤታችንን ጠርጥራለች። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ብሄድ፣ የግምጃ ቤት ሰው ናትና ዕቃ ተዝረክርኮ ሲቀር አትወድም፤ አንስታ ካቢኔቱ ውስጥ ከታ ዘጋችበት፣ ከዚያ አጣችው። የኩባያ ፎቶ በሩ ላይ ለጠፍኩላት፤ እውነተኛ ኩባያ መስሏት ፎቶውን በጥፍሯ ልትነቅለው ስትታገል ደረስኩባት። ቢቸግረኝ በሮቹን ፈትቼ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። እዚህ ላይ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል፤ በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎ በመስኮት አይቶ፣ ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ አናጺ አስከትሎ መጥቶ በሮቹን መልሶ አስገጠማቸው። በዚያው ሳምንት ከሥራ ስመለስ እናቴን ኩሽናው ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታ በግሉኮስ ነው የተረፈችው። ይህንን እንኳ በትሕትና ቃል ላስጌጠው አልችልም።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት በር ብቻ በራሴ ወጪ መስታወት እንዳደርግ ይፈቀድልኝ ዘንድ፣ ማመልከቻዬንና የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ከእናቴ ጋር ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎ ወረቀቱን ሲያገላብጡ እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። ከጀርባዎ የእንግዳ ብርጭቆ የተደረደረበት ካቢኔት አለ፤ በሩ መስታወት ነው። ማንም ሳያግዛት ከፈተችው፣ ብርጭቆ አወጣች፣ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው ጆግ ቀድታ ጠጣች፤ ደገመች። ከዚያም ሌላ ብርጭቆ አውጥታ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ባለቤት፣ ለእርስዎም ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችልዎ። እርስዎም ተቀብለው ጠጡ፣ እናቴን አመሰገኑ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡና ማመልከቻዬ ላይ «ወጥነትን ስለሚያፋልስ አልተፈቀደም» ብለው ፈረሙበት። እኔም ማመልከቻዬንና እናቴን ይዤ ወጣሁ። ጉሮሮዎ ሳይደርቅ እንዲህ ያለ ፊርማ ለመፈረም የሚያስችል ልብ ለሁሉም ሰው አይሰጥም።

የሕንፃውን መልክ ከሰው ጉሮሮ ያስቀደመው አመራርዎ የእጁን እንዲያገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ የሚገባውን ያህል ብቻ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሚታይ ዕቃ የሌላት
የአሥራ አራት ቁጥር ትኬት ቆራጭ

ሳልረሳው፦ የቢሮዎ ካቢኔት ከወጥነት ደንቡ እንዴት እንዳመለጠ አልጠይቅም፤ እንዲያውም አደራዎን እንዳይነኩት። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እናቴን ቢሮዎ አድርሼያት እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ እወስዳታለሁ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ጆጉን መሙላት ብቻ ነው። ብርጭቆው የት እንዳለ እሷ ታውቃለች።