ወደ ካባው ጋራ የሄድኩበት ለቅሶ

ሰኞ

ተራራ ይሉታል። ደባርቅ ተወልጄ፣ የሰሜንን ገደል እያየሁ ያደግሁ ሴት፣ ከዳባት ጀርባ ያለችውን ጉብታ ተራራ ብዬ ልወጣ!

የደባርቁ ሐኪም ነው ያዘዘው። ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ። «ስኳርዎ አልወርድ ብሏል። ክኒኑን ሳያቋርጡ ለስለስ ያለ ዳገት በእግርዎ ይሂዱ። የሚመጣው ሰኞ እናየዋለን፣ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን» አለኝ። መርፌ የሚለውን ቃል እንደ ከረሜላ ነው ከአፉ ያወጣው። እህቴ ፋጡማ መርፌ ጀመረች፣ ከዚያ እግሯ ቆሰለ፣ ከዚያ ቆረጡት፣ ከዚያ ቀበርናት። ልጄ ሰሚራ «መርፌው አይደለም የገደላት፣ ዘግይታ መጀመሯ ነው» ትላለች። እሷ ምን ታውቃለች።

ስለዚህ ወጣሁ። ጋራው ድሮ የድንጋይ ካባ ነበር። ለመንገዱ ድንጋይ ሲፈልጡ ደማሚቱ የሱቄን መስታወት ያንቀጠቅጠው ነበር፣ አቧራው ነጠላ አላስሸጠኝም። ድንጋዩ ሲያልቅ ትተውት ሄዱ፣ ከዚያ ጽድና ግራቪሊያ ተከሉበት። አሁን ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ፎቶ ይነሱበታል። ጉድጓድ ቆፍሮ ዛፍ መትከልና ተፈጥሮ ነው ማለት።

አፋፉ ላይ የደኑ ጠባቂ አቶ ውቤ ተቀምጧል። በካባው ጊዜ ደማሚት ሊፈነዳ ሲል ፊሽካ የሚነፋው እሱ ነበር፤ ጆሮው እዚያው ቀረ። ጥያቄው ግን አልቀረም።

«ወዴት ነው ወይዘሮ ዘሀራ? ምነው በደህና?»

ምን ልበል? በዚህ አገር ሰው ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ሰርግ። የትም አልሄድም፣ ዝም ብዬ ነው የምሄደው የሚል ሰው አብዷል። ስኳር አለብኝ ማለት ደግሞ ለሱ አይነገርም።

«ለቅሶ» አልኩ።

«እ?»

«ለቅሶ! ከማዶ! የአክስቴ ባል!»

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው «ውይ» አሉ። ከማዶ አክስትም፣ የአክስት ባልም የለኝም።

ማክሰኞ

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ጎረቤቴ አልጋነሽ የእድሩን ሴቶች አስከትላ ገባች። «እንዴት አትነግሪንም? ብቻሽን ለቅሶ ትደርሺ?» እያለች አለቀሰች። የሰውየውን ስም እንኳ ሳታውቅ ነው ያለቀሰችው። አልጋነሽ ለማያውቁት ሰው ማልቀስ ይሆንላታል።

ይዘው የመጡት፦ ዳቦ፣ ብስኩት፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ ስኳር። ስኳር! ለኔ!

«ሐዘን ያደክማል፣ ጠጪ» እያሉ ለስላሳ ከፈቱልኝ። ጠጣሁ። ሐዘንተኛ ነኛ። ሰሚራ ከጓዳ በር ላይ ሆና በዓይኗ ቆርጣ ጣለችኝ። ማታ «እማዬ፣ ማን ሞተ?» አለች። «ዝም በይ» አልኳት። ለካስ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ረቡዕ

ጋራው ላይ ወጣሁ፣ በጓሮ በኩል ዞሬ። አቶ ውቤ ቦታው ላይ የለም። ተመስገን አልኩ። ዛፉ መሃል ማንም ሳይጠይቀኝ ሄድኩ፣ ትንፋሼም ከሰኞው ተሻለ። ደስ አለኝ፣ ማለቴ አልከፋኝም። የካባው ጉድጓድ ውሃ ቋጥሮ ዳክዬ ገብቶበታል። ዳክዬም ሞኝ ነው፣ ሐይቅ መስሎት።

ቤት ስመለስ አልጋነሽ ትጠብቀኛለች። እድሩ መክሯል። ነገ ሴቶቹ ሁሉ ጋራውን ተሻግረው ከማዶ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የምመራቸው እኔ ነኝ።

እግሬን አመመኝ አልኳት። «እኛ እንደግፍሻለን» አለች። ደግ ሰው እንዴት ያስጠላል።

ሐሙስ

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሚበላ ነገር ተሸክመው ሄዱ። እኔም ከፊት። በሞተ ሰው መዋሸቴ ዳባት ውስጥ እስኪሰማ የቀረኝ ያች ጉብታ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ ማን ከኔ ነጠላ ይገዛል፣ እኔስ ስሞት ማን ይቆማል? አላህ ሆይ፣ አንድ ሰው ግደልልኝ ብዬ ልለምን ምንም አልቀረኝ። አስተግፊሩላህ።

አፋፉ ላይ አቶ ውቤ በዱላው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«ተመለሱ» አለ። «እኔ ትናንት ደርሼ መጥቻለሁ። ለቅሶው ተነስቷል፣ ቤተ ዘመዱም ተበትኗል። አላህ ያጽናችሁ ብያለሁ በሁላችሁም ስም።»

አልጋነሽ እዚያው አልቅሳ ተመለሰች። እኔ አቶ ውቤን ላየው አልቻልኩም። ለካ ትናንት ከቦታው የጠፋው ወዲያ ሄዶ ነው።

ቅዳሜ

ቀጥ ብዬ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። «ለምን ዋሹልኝ?»

«እ?»

«ለምን ዋሹልኝ!»

ረቡዕ ዕለት በሚያነክስ እግሩ ከማዶ ወርዶ፣ ማን ሞተ እያለ ቤት ለቤት ጠይቋል። ሰው ሳቀበት። አንዷ «ሽማግሌው፣ ምናልባት የሞቱት እርስዎ ነዎት» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ራሱም ሳቀ።

«ገብቶኛል» አለ። «አንድ የሸሸጉት ነገር አለ፣ አልጠይቅም። እኔ በካባው ጊዜም ሥራዬ ሰውን ከፍንዳታ ማራቅ ነበር።»

ከዚያ ወሬኛ ሽማግሌ ይህን አልጠበቅሁም። ስለ ስኳሩ ነገርኩት፣ ስለ ፋጡማ እግርም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። መስማቱን እንጃ። «ይሂዱ እንግዲህ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» ብቻ አለኝ።

ሰኞ

ደባርቅ ሄድኩ። ጢም የለሹ ወረቀቱን አገላብጦ «ወርዷል» አለ። «ብዙ አይደለም። መርፌውን ለአሁኑ እናቆየው። ግን ካቆሙ ይመለሳል።» የማክሰኞውን ለስላሳ አልነገርኩትም።

ለአሁኑ። ይሄ ሁሉ ለቅሶ ለአንዲት ለአሁኑ።

ከአውቶብስ ወርጄ ቤት ሳልገባ ወደ ካባው ሄድኩ። አቶ ውቤ ከሩቅ አይቶኝ ተነሳ። እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች አጠገቡ ሸክማቸውን አውርደው ያርፋሉ፤ አልጋነሽም፣ የኔ ነገር ሆኖ፣ ከነሱ ጋር ቆማለች።

«ዛሬስ ማን ሞተ?» አለኝ።

ዞሬ ልመለስ ነበር። የፋጡማ እግር ትዝ አለኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። «ስኳር አለብኝ። እንዳልሞት ነው የምሄደው።»

የአልጋነሽ አፍ ተከፍቶ ቀረ። አቶ ውቤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እ?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ሰምቷል፣ እምላለሁ። ተንኮለኛ ሽማግሌ። ደግሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩለት።