«ከእናታችሁ ጋር እዩት» ላልከው

ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ? የጋራዡ ሥራስ እንዴት ይዞሃል? በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ በአካል ደህና ነን። የጠየቅሁህ ከልቤ ነው፤ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለተናደድኩብህ ነው። ብደውልልህ እንደ ልማድህ ታስቀኝና ቁጣዬን ታበርደዋለህ።

በአኒሜ፣ ማለትም በጃፓን ካርቱን፣ ወዳጆች የስልክ ቡድናችሁ «ጉጉት» በሚለው ቅጽል ስምህ ምን ብለህ እንደጻፍክ ታስታውሳለህ? «ልብ የሚያሞቅ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ፤ ከእናታችሁ ጋር እዩት።» ነባሮቹ ገብቷቸው በሳቅ ፈረሱ። አዲስ ገቢን በጣፋጭ ቃል አታላችሁ ጨለማ የሆነውን ፊልም ማሳየት፣ ከዚያም የት ላይ አለቀስክ እያላችሁ መሳቅ፣ ለእናንተ ጨዋታ ነው። ትንሿ እህታችን ቡድኑ ውስጥ ከገባች ገና ሳምንቷ ነው። ጉጉት አንተ መሆንህን አታውቅም። ያልከውን እውነት ብላ ባለፈው እሑድ ከሰዓት እማዬን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ከፈተችላት።

እማዬ ካርቱን የልጆች ነው ብላ ነው የተቀመጠችው። መጀመሪያ ልጆቹ ሲሯሯጡ ሳቀች። ከዚያ ትንሹን ትኩሳት ያዘው። ሐኪም ቤት በር ላይ፣ በወንድሙ ጀርባ እንደታዘለ ሲሞት እኔ ከወጥ ቤት እየወጣሁ ነበር። እማዬ ተነስታ ሣጥኑን ከፈተች፤ ታናሽ ወንድማችን ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ያላስነካችውን ሹራቡን አውጥታ በሳሙና ታሸው ጀመር። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ በትኩሳት ላቡ እንደራሰ መቅረት የለበትም አለችኝ። በማግስቱ ከገመድ አውርዳ አሸተተችው። የእሱ ሽታ የለም፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አንተ ቀብሩ ላይ አልነበርክም፤ ያ ሹራብ ለእሷ ምን እንደነበር አላየህም።

ጨለማ ነገር አትምከር አላልኩህም። እኔም እወዳለሁ። ሰው ስለምትበላ ከተማ የሚያወራውን ካርቱን ስትመክረኝ «ስድስተኛው ክፍል ላይ እጅ ይቆረጣል፣ ካልፈለግሽ ዝለዪው» ብለኸኝ ነበር። አየሁት፤ አውቄ ስለገባሁበት ወደድኩት። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ስለጥፍ እውላለሁ። መድኃኒቱ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የሚውጠውን እንዲያውቅ ነው። አንዲት መስመር ምን ከበደህ? ፈሪ ይሉኛል ብለህ ከሆነ ይበሉህ። እኔ ግን አሁን ሳስብህ ደሜ ይፈላል፤ አልዋሽህም።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ ግድግዳው ስር አቁሞታል። ትንሿም ሰላም ትልሃለች፤ እማዬን ያስለቀስኳት እኔ ነኝ እያለች ምግብ አልወርድ ብሏታል። እማዬም ናፍቆኛል በይልኝ ብላለች። ትናንት ትንሿን ምን ብላ እንደጠየቀቻት ልንገርህ፤ «ያ ከእናታችሁ ጋር እዩት ያለው ልጅ፣ እናት የለውም እንዴ?» ትንሿ አላውቅም አለቻት። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ደውልና አንተው መልስላት።

እህትህ

ከመጋዘኑ የሠራተኞች ምሳ ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን