የሺሞን ፍሬን

እሑድ
ያልጋነሽ ከመኪና ትምህርት ዛሬም እየሳቀች ገባች። እኔ መንዳት ስማር ላብ እንጂ ሳቅ አልነበረኝም። «ሺሞን እንዲህ አለ፣ ሺሞን እንዲያ አለ።» በወሬዋ ብዛት ለእራት ሦስት ሆነን የቀረብን መሰለኝ፤ እኔ፣ ሚስቴና የሚስቴ አስተማሪ። እራቱ የተሠራው ለሁለት ነበር።
የመንጃ ፈቃድ ቴስቱን አንዴ ወድቃለች። ፍሬን ስትይዝ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ደንግጣ እግሯን ታነሳለች። ሐሙስ ድጋሚ ትፈተናለች። የሚንቀጠቀጠው እውን ፔዳሉ ነው? አልጠየቅኳትም።

ሰኞ
የጎንደር መላ መጣልኝ። አክስቴን እትዬ አበበችን «ከተማውን ይዩ» ብዬ ከያልጋነሽ ጋር ወደ ትምህርቱ መኪና ኋላ ወንበር ላክኳቸው። ሚሳይል ከዘነበበት ክረምት ወዲህ ከሰፈራችን ከአቲቆት ወጥተው አያውቁም። ያልጋነሽ በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለችኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።
ሲመለሱ ጠየቅኳቸው።
«ጨዋ ልጅ ነው። ባሕሩን አሳየኝ።»
«ሌላስ?»
«እሷ ታወራለች፣ እሱ ይስቃል። ቋንቋቸው የት ይገባኛል? ለመሆኑ መቼ ነው ደግሞ የምንሄደው?»
ሰላይ ልኬ ተሳፋሪ ተመለሰልኝ።

ማክሰኞ
ሺሞን ራሱ፣ ስሙ የተጻፈበትን የማስተማሪያ መኪና ይዞ እኔ መካኒክ ሆኜ ወደምሠራበት ሙሳኽ መጣ። መልከ ጥፉ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፣ ማንን ላታልል? «ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። የማን ባል እንደሆንኩ አያውቅም።
ጎማውን ፈትቼ የፍሬኑን ዲስክ አጸዳሁ። ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ውፍረት በታች ከወረደ መጣል አለበት። አዲስ እስኪመጣ መኪና የለም፣ ሳቅም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት እንዲህ ቀጭን እንዲሆን ተመኝቼ አላውቅም። በማይክሮሜትር ዙሪያውን ለካሁ። ከወሰኑ በላይ ነው። መሣሪያውን ጠርጌ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ብቻ አንዱ ጎን ከሌላው ይሳሳል፤ ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ሚስቴ እውነቷን ነበር። ይህም አናደደኝ።
«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። «ዲስኩ አልቋል» ብዬ ብነግረው ያምነኛል። ክፋቱ እሱ ነው፣ ያምነኛል።

ረቡዕ
እንቅልፍ አጥቼ አሰብኩበት። መኪናውን ካስቆምኩ ፈተናው ያመልጣታል። ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጧት ወራት ነው፤ ወራቱን ሁሉ ከሺሞን ጋር። ብታልፍ ግን ሺሞን አለቀ። ቅናት ሒሳብ ሲያውቅ ደግነት ይመስላል።
ሁለቱንም የፊት ዲስኮች በቶርኖ እያሽከረከርኩ ፍቄ አስተካከልኩ። ለካሁ፤ በጥቂቱ ቢሆንም ከወሰኑ በላይ ናቸው። አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠምኩ። እየነዳሁ ሞከርኩት፤ ፔዳሉ ዝም አለ። ሺሞን እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። እጁ ንጹሕ ነው።

ሐሙስ
አለፈች።
ራሷ እየነዳች ሙሳኹ በር ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመች፤ ሺሞን ከጎኗ፣ እትዬ አበበች ከኋላ።
«ባሌ ነው» አለችው።
ሺሞን ወርዶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ሳቁ መጣ። «በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራው ሰው አንተ ነህ?»
እንደማወራ አላውቅም ነበር። ለካ እንዲያ የሚስቀው በእኔ ኖሯል። ቀለለኝ፤ እውነት ቀለለኝ። ማታ ግን በእንቅልፌ ምን እንደምል ሺሞን እንደሚያውቅ፣ እኔ ግን እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። እራት ላይ ያልጋነሽን ልጠይቃት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቴም ጨው አቀብይኝ አልኩ።