ሄሪንግ በነጭ ዳቦ

በርገን ለምትገኘው ወንድሜ አስገር፣

ዝናቡና ሥራው እንዴት ይዘውሃል? እኛ ደህና ነን።

እጮኛህን ይዘህ ኮፐንሃገን ስትመጣ የምትበሉባቸውን ምግብ ቤቶች ምረጪልኝ ብለሃል። ስለ አባባ ግን አንድም ነገር አልጠየቅክም። ወደቡ ዳር ያሉት ለአገር ጎብኚ ናቸው፤ ተዋቸው። ቬስተርብሮ ሰፈር ያለችው ትንሿ ምግብ ቤት የአሳማ ጥብሷ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፤ እጮኛህ ትወደዋለች። ለምሳ ግን ወደ አባባ ምግብ ቤት ኑ።

ማክሰኞ አባባ ሄሪንግ ዓሣውን ነጭ ዳቦ ላይ አድርጎ ለደንበኛችን ለሽማግሌው ለፕሬበን አቀረበለት። ፕሬበን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ስዊድናዊ ሆንክ እንዴ? ሄሪንግ በጥቁር ዳቦ እንደሚበላ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል!» አለው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አባባም አብሯቸው ሳቀና ጓዳ ገብቶ በሹክሹክታ፣ «ቶቨ፣ የትኛው ነበር?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ቤት እኮ ነው! አሁን ዳቦውን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት መሄድም ትቻለሁ፤ አንተ ግን አታስብ፣ ሥራህ ላይ ነህ።

ብቻ እስከ በጋ አትቆዩ። ለእጮኛህ ሰላምታዬ ይድረሳት። ስትገቡ አባባን ከማቀፍህ በፊት ስምህን ንገረው።

እህትህ ቶቨ