የግራዝማች መኳንንት የጎማ ጀልባ

ኮልፌ፣ ኅዳር 1964 ዓ.ም.

ከእናቴ ቀጥላ ላሳደገችኝ እህቴ ይድረስ፣

እቴቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲወጣ ሕመሙ ቀለል አለልሽ ወይ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ግን በሕይወት አለሁ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። የተቀመጥኩት ከጎረቤቴ ከወርቄ ጓዳ ነው። ምንም ሳትጠይቀኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታኝ በሩን ዘግታልኝ ወጣች። አንቺም ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንዲያነብልሽ አትስጪ። አባታችን ዳዊት ያስደገመሽ ሴት ነሽ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

ነገሩ ስለ ባለቤትሽ ስለ ገሜዳ ነው። ጉማሬ ታንኳውን ገለበጠበት፣ ሐይቁ ውጦ አስቀረው ያሉሽ ውሸት ነው። አንቺም ልብሽ አላመነም። ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብለሽ እስከዛሬ በር በሩን እያየሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእንግዲህ አትጠብቂው እቴቴ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ላንድሮቨር ጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወንድይፍራው ይባላል። ከዚህ በፊትም ጎማ ጠግኜለት አውቃለሁ፤ የማን ሾፌር እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከኋላ ጭቃ የደረቀበት ትልቅ ጥቅል አወረደ። ገመዱን ስንፈታው የጎማ ጀልባ ሆኖ አገኘሁት። የጌታዬ የግራዝማች መኳንንት ነው፣ ወዳገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛው ነው አለኝ። ቤታችሁንና ማሳችሁን በትራክተር ያስደረመሰው ግራዝማች መሆኑን ስሰማ አፌ መረረኝ፤ ግን ሥራ ነውና ጥቅሉን ወደ ውስጥ ጎተትኩ።

ጀልባው አርጅቷል። ፀሐይ ሆዱን ሰነጣጥቆታል፣ መገጣጠሚያው ላይ ማስቲሹ ለቋል። ጎኑ ላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ምን ወጋው ብለው ፊቱን አዞረና ጉማሬ ነው አለኝ። እኔና አንቺ ሐይቅ ዳር ነው ያደግነው፤ ጉማሬ የነካው ነገር ተገነጣጥሎ እንጂ ተበስቶ አይቀርም።

በፖምፓ ነፍቼው፣ በሳሙና አረፋ እየቀባሁ የሚተነፍስበትን ስፈልግ፣ በድርቡ ጎማ መሃል የተቀበረ ነገር ጣቴን ቆረጠኝ። በጉጠት ስጎትተው ካንገቱ የተሰበረ የጦር ጫፍ ወጣ። የማንን ብረት እንደያዝኩ ወዲያው አወቅሁ። በሠርጋችሁ ዓመት ከአሮጌ መኪና የባሌስትራ ብረት ቆርጬ፣ ዓሣው ሲወጋ እንዳያመልጥ ጥርስ አውጥቼለት፣ ለገሜዳ የላክሁለት ጦር ነው።

ወንድይፍራው ፊቴን አይቶ ሊወጣ ተነሳ። ደረቱን ይዤ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር አጋጨሁት። ጉጠቱን ጉሮሮው ላይ አድርጌ፣ ገሜዳ እህቴን ያገባ ሰው ነው አልኩት። አልታገለኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገረኝ።

እቴቴ፣ ይህን ማንበብ ከከበደሽ ትንሽ አረፍ በይ። እኔም ስሰማ ሁለት ጊዜ አስቁሜዋለሁ።

ያን ቀን ገሜዳ ከመሬታቸው ለተነቀሉትና ደሴቱ ላይ ለተጠለሉት ሰዎች እህል አድርሶ በደንገል ታንኳው ብቻውን ሲመለስ ነው ያገኙት። ግራዝማች ሐይቁም የኔ ነው ብሎ ማንም እንዳይሻገር ከልክሎ ነበር። ወንድይፍራው ይቀዝፋል፣ ግራዝማች ከፊት ተቀምጧል። ተመለስ ሲለው ገሜዳ ቤቴን ወስደሃል፣ ውሃውን ግን አንተ አልፈጠርከውም አለው። ግራዝማች ግጨው ብሎ አዘዘ። ወንድይፍራውም ገጨው። ታንኳው ሲገለበጥ ገሜዳ ጦሩን ጀልባው ላይ ሰካው፤ እዚያው ላይ ተሰበረ። እሱም እንዳይሰጥም የጀልባውን ገመድ ያዘ። ግራዝማች መቅዘፊያውን ከወንድይፍራው እጅ ነጥቆ የገሜዳን ጣቶች ይቀጠቅጥ ጀመር። አንዱን እጁን ሲያስለቅቀው በሌላው ይይዛል። ሁለቱም እጆቹ እስኪሰባበሩ አልለቀቀም። በመጨረሻ አናቱን መታው።

በማግስቱ ወንድይፍራው ታንኳ ለምኖ ብቻውን ተመለሰ። ሬሳውን ደንገሉ መሃል አገኘው። ለማንም ሳይናገር ወደ ደሴቱ አሻግሮ፣ ከአንድ ሾላ ሥር ቆፍሮ ቀበረው። ለእህቴ ለምን አልነገርካትም ስለው፣ በምን ዓይኔ አይቻት አለኝ። ልገድለው ነበር እቴቴ። ከዚያ ግን በዚያ ውሃ ላይ ተመልሶ ሄዶ ባልሽን የቀበረልሽ እሱ ብቻ መሆኑን አሰብኩና ጉጠቱን ጣልኩት።

ጀልባው አሁን ለምን እንደተፈለገ ጠየቅሁት። ግራዝማች ደሴቱ ላይ ያሉትን ሰዎች ጎጇቸውን አቃጥሎ ሊያስወጣቸው ነው። ሴቶችም ሕፃናትም አሉ። ስለዚህ ጀልባው አይጠገንም ብለህ ለጌታህ ንገረው አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ግራዝማች ራሱ ወንድይፍራውን አስከትሎ መጣ። ወርቄ ገበያ ወጥታ ነበር፤ ግቢው ውስጥ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ጀልባው ከተበሳው ጎኑ በቀር እንደተነፋ መሃል ላይ ተቀምጧል። እኔም ብስጭቴን ውጬ፣ ጎማው አርጅቷልና ልጣፊ አይይዝም፣ ሌላ ይግዙ አልኩት። አዲስ ከምጽዋ እስኪመጣ አልጠብቅም፣ ለጥፈው አለኝ። ዞር ሲል የጦሩን ጫፍ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አየው። አንስቶ አገላበጠው። እኔን ምንም አልጠየቀኝም።

ወደ ወንድይፍራው ዞሮ፣ «ምን ነገርከው?» አለ።

ወንድይፍራው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ግራዝማች የያዘው አለንጋ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ጉንጩ እስከ ከንፈሩ ተተረተረ። ደግሞ መታው፤ ደግሞ። ሰውየው ራሱን እንኳ አልሸፈነም፤ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ እንደ ግንድ ቆሞ ይገረፋል። ደሙ ሸሚዙን አልፎ ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ እያየሁ መታገሥ አቃተኝ።

«የሞተው ሰው የእህቴ ባል ነው» አልኩት። «እሱን ተወው፣ እኔን ጠይቀኝ።»

ግራዝማች አለንጋውን አወረደ። እየመረመረ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «ጥሩ» አለ። «እንግዲያው ጀልባውን አንተው ትጠግናለህ፣ አንተው ትቀዝፍልኛለህ።»

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ለአሽከር ፈረስ ጫን እንደሚል። የውስጥ ጎማ የምቆርጥበትን ቢላዋ አንስቼ የጀልባውን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅሁት። አየሩ እየጮኸ ወጣ። ወደ ሌላኛው ጎን ስዞር በሽጉጡ ሰደፍ ጆሮ ግንዴን መታኝና በአፍጢሜ ተደፋሁ። ቢላዋውን የያዘው ቀኝ እጄ ላይ በቡት ጫማው ቆመ። ተረከዙን እያዞረ ነበር የሚረግጠው፤ አጥንቶቼ ሲሰበሩ ሰማኋቸው። የሽጉጡ አፍ ማጅራቴ ላይ አረፈ። እኔ የማየው የግቢዬን አፈር ብቻ ነበር። ጸሎት ልጀምር ብዬ አባታችን ሆይ የሚለው እንኳ ጠፋኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንደጻፍኩልሽ ያዢው፤ ለፖሊስም የምናገረው ይህንኑ ነው። ወንድይፍራው ያኔ በሩን ከፍቶ ሸሽቷል፣ ምንም አላየም። ጎማ የማወልቅበትን ብረት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግራዝማችን የመታሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከኋላው።

እላዬ ላይ ነው የወደቀው። ወዲያው አልሞተም። ጀልባው ላይ ተንከባልሎ እግሩን ሲያንፈራግጥ ተረከዙ ጎማውን ይፍቀው ነበር፤ ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አፉን ይከፍታል፣ ቃል ግን የለውም። ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልሆነም። ዝም ሲል የተቀደደውን ጎማ አለበስነው። አለበስኩት ማለቴ ነው።

አሁን ይህን ጨርሼ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ እሄዳለሁ። እንድሸሽ የለመነኝ ሰው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ቤቱ የኔ፣ ብረቱ የኔ፣ ሟቹም በኔ ግቢ የተኛ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ባለርስት በአንድ ጎሚስታ እጅ ቢሞት ዳኛው ምናልባት ለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ሽጉጡም እጄም ማስረጃ ናቸው። በገዛ አሽከሩ እጅ ሞቶ ቢሆን ግን ጥያቄም አይኖር፣ ስቅላት ነው የሚፈረድ። እንኳን እንዲያ አልሆነ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽን ሰው ስሙን አትጠይቂው። ፊቱን በሻሽ ጠቅልሏል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ አንቺ አረጋጊያቸው። ይኸው አሁን በሩ ላይ ቆሞ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሳይሆን እኔ ሐሳቤን እንድለውጥ ይጠብቃል። አልለውጥም። ጎረቤት ሳያየው አስገቢው። አንጀትሽ ምንም ቢቃጠል ውኃ ስጪው፣ እራት ስጪው፤ ለኔ እንደሰጠሽ ቁጠሪው።

መቅዘፍ ያውቃል። ሾላው የት እንደሆነም ያውቃል። ወደ ደሴቱ ይውሰድሽ፤ እሱ ግን ከአንቺ ጋር አይመለስ፣ ከተሸሸጉት ሰዎች ጋር እዚያው ይቅር። መቃብሩ ጋ ስትደርሺ ነጠላሽን አደግድገሽ፣ በወጉ፣ የባልሽን ስም እየጠራሽ እንደልብሽ አልቅሺ። ስትጨርሺ ሰውየውን ብትረግሚውም የአንቺ ፈንታ ነው፤ እኔ ይቅር በዪው ብዬ አላዝሽም። ብቻ ከኋላሽ ቆሞ ሲያለቅስ ብትሰሚው አታባሪው።

እቴቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የገሜዳን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ጉልበትሽንም ያበርታው። እኔን እጠይቃለሁ ብለሽ አሁን እንዳትመጪ፤ በመጀመሪያ ሐዘንሽን ተቀመጪ።

አዝለሽ ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ