ከ«ግን» በኋላ ያለው

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፪

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቅጠሌ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ቆሜ ሰው ስላጭ ስውል ወገቤ ዕድሜዬን ያስታውሰኛል እንጂ እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም። እናትሽም ደህና ናት፤ ትመጫለሽ ብላ አልጋሽን ከወዲሁ መስኮቱ ሥር አንጥፋዋለች።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ «አባዬ፣ ዝግባው እንዴት ነው?» አልሽኝ። «ደህና ነው» አልኩሽ። ልጄ፣ የመታጠፊያው ዝግባ የለም። ያን ጊዜም ከተቆረጠ ሰንብቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጢሙን ሊላጭ መጥቶ፣ ዝግባውን አስቆርጠው በመንገዱ ዳርና ዳር ባሕር ዛፍ ሊተክሉ እንዳሰቡ አጫወተኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች አጉረመረሙ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ሰው ከተሰበሰበ አፌ አያርፍም። «ልጄ የምታጠናው የዛፍ ነገር ነው» አልኩ። «ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ የተቃጠለውን አየር በብዛት ይስባል ብላኛለች።»

ሰብሳቢው አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀና አለ። «እሷ ናት ያለችው?»

«በራሷ አፍ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከር? ሰብሳቢው በሰፈሩ ስብሰባ ላይም አንቺን ጠቅሶ ተናገረ። እኔም ከፊት ተቀምጬ ደረቴን ነፋሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አንቺ ያልሽው ግን እሱን ብቻ አልነበረም። «ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ግን…» ብለሽ ስለ ትልልቅ ዛፎች ብዙ አወራሽኝ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ልብ አላልኩትም። ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር የደወልሽው፤ እኔ የማዳምጠው ድምፅሽን ነበር።

ግንዱን ዳቦ ቤቱ ገዝቶ ያነደው ጀመር። ጭሱ በሱቄ በር ሲገባ ነው ነገርሽ የመጣልኝ። ያ ሁሉ ቅጠል በየዓመቱ የሚስበው ቀላል እንዳልሆነ፣ አሮጌ ዛፍ በዕድሜው ሙሉ ያከማቸውን ሲነድ መልሶ እንደሚለቀው ነግረሽኝ ነበር። ምላጩን አስቀምጬ በሩን ዘጋሁት። ደንበኛው «ይሞቃል እኮ» አለኝ።

ልብስ ሰፊዋ የዝግባው ጥላ ሥር ነበር የምትሰፋው። አሁን የሱቄን ግድግዳ ተጠግታ፣ ፀሐይ በዞረች ቁጥር የስፌት መኪናዋን ትጎትታለች። ትናንት ውሃ ወሰድኩላትና «ልጄ እንዲያ አላለችም፤ የኔ አፍ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

መስፋቷን ሳታቆም «እኔስ እሷ እንዴት እንዲህ ትላለች ብዬ ከፍቶኝ ነበር» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተንማ እናውቅሃለን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለሰብሳቢውም ሄጄ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ «ከእንግዲህ አንተ ጢሜን ላጭልኝ እንጂ አታማክረኝ» አለ። የባሕር ዛፉ ችግኝ ግን አንቺ መጥተሽ ሳታይው እንዳይተከል ኮሚቴዎቹ ተስማምተዋል። ይቺን እንኳ አግኝቻለሁ።

ለነሱ መንገር ለአንቺ ከመጻፍ ቀለለኝ። ስትመጪ መታጠፊያው ላይ ሰማዩ ሰፍቶ ያስደነግጥሻልና አስቀድመሽ እወቂው ብዬ ነው። እንዳሻሽ ተቆጪኝ፤ ሰው ቢሰማም ግድ የለኝም። ብቻ ተቀይመሽ መደወሉን አትተዪብኝ።

መንገድሽ የቀና፣ የምታገኚው ሰው ሁሉ ደግ ይሁንልሽ።

አባትሽ